አንድ ስንዝር ከጉልበት በታች

«በር ላይ የተመለሰ ልጅ ስሙ ከመዝገብ ወጥቷል ማለት ነው።»

እትዬ ብርሃንነሽ ሰኞ ጠዋት ይህን መጀመሪያ ያሉት ሳሙና ሊገዛ ለመጣ ሰው ነው። ቀጥሎ የሞባይል ካርድ ለጠየቀች ልጅ አሉት። ቀጥሎ ማንም በሌለበት ለመንገዱ አሉት። ሱቃቸው ከእኔ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መሃላችን ያለው የጊንጆ መንገድ ደግሞ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ለመንገዱ የሚባለው ሁሉ የሚባለው ለእኔ ነው።

«አዲሱን ዩኒፎርም በልኩ ያልለበሰ በር ላይ ይመለሳል። የተመለሰ ፎቶ አይነሳም። ፎቶ ያልተነሳ ለሚኒስትሪ አይቀመጥም። ተናግሬያለሁ!»

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስሙ ስንቴ ተቀይሯል፤ ለእሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሚኒስትሪ ነው።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው ከስፌት መኪናዬ ቀና ሳልል።

«አገር የሚያውቀውን!»

አገር ማለት እሳቸውና ሁለቱ ደንበኞቻቸው ናቸው። ሳቅሁ። የልጄን ጉርድ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንከን ሊወጣለት? ጅማ ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ቁጠሪ ብትሉኝ ከራሴ እጀምርና ብዙም ሳልርቅ አቆማለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከሰልባጅ ክምር ኮት እየገዛሁ፣ ክር በክር እየተረተርኩ፣ ሌላው እየገጠመ የሚማረውን እኔ እየፈታሁ ነው ያወቅሁት።

ማስታወቂያው ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ጫማ ጥቁር። ፀጉር ያለ ዊግ። የወንዶች ሱሪ እንደ ካልሲ የማይጣበቅ። የሴቶች ጉርድ ቡናማ፣ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር። ይህን የጻፈ ሰው የት አገር እንዳለ ረስቷል አልኩ። ጅማ ላይ ቡናማ ማለት የትኛው ነው? እሸቱ ቀይ ነው፣ የደረቀው ጀንፈል ወደ ጥቁር ያደላል፣ የታጠበው አረንጓዴ ቢጤ ነው። ግማሹ ወላጅ አንዱን ግማሹ ሌላውን እየገዛ፣ እየመለሰ፣ ከነጋዴ ጋር እየተጣላ ሁለት ሳምንት አለፈ። እኔ አልተምታታብኝም። የተቆላውን ገዛሁ፣ በስንዝሬ ለካሁ፣ ሰፋሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሔራን ደጃፉ ላይ ቆመች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ፊት በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምን ሆነሽ?»

«አጠረ አሉኝ።»

«ማን?»

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ጥበቃው። ለኩኝ።»

የመኪናውን ፔዳል ለቀቅሁ። እግሬ ግን አልቆመም፤ ባዶ መሬት መርገጡን ቀጠለ። ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርጋል፤ ስበሳጭ ደግሞ ይብሳል።

«ሌላ ምን አሉሽ?»

«ነገ ነይ አሉኝ። እንዳትቀሪ አሉኝ። ሦስቴ ነው ያሉኝ እማ፣ እንደ ሕፃን።»

ከማዶ እትዬ ብርሃንነሽ አንገታቸውን አውጥተው አዩን። ምንም አላሉም። ዝም ሲሉ ከሚያወሩት የባሰ ያወራሉ።

ያንን በር አውቀዋለሁ። ያንን ሰውዬም አውቃቸዋለሁ። የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት፣ እኔም ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ በእጄ የሰፋሁትን ጉርድ ለብሼ እዚያ በር ላይ ቆሜያለሁ። የትምህርት ቤቱ ጉርድ ዙሪያውን የተደራረበ እጥፋት፣ ፕሊት ነበረው፤ የእኔ አልነበረውም፤ ጨርቁ ለፕሊት አልበቃኝም። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብለው መለሱኝ። እናቴ ሞታለች። የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነበር፤ እሷን ነይልኝ ብሎ ከመለመን ገደል መግባት ይቀል ነበር። እትዬ ብርሃንነሽ ያኔም እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነበሩ፤ ያኔም ይህንኑ አሉ። በር ላይ የተመለሰ ስሙ ከመዝገብ ወጥቷል። ከወጣ ይውጣ ብዬ ተቀመጥኩ። ሄጄ አልጠየቅሁም። ሄዶ መጠየቅ ልመና ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የሔራን አባት መጣ፤ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጭኖ መጣ፣ አራግፎ ሄደ።

ሔራን ስለ በሩ አታውቅም። «ትምህርቱን የተውኩት ስፌት ወድጄ ነው» ብያታለሁ። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ ስፌቱ የማይታየው እሱ ነው።

«ተነሺ፣ እንሄዳለን» አልኳት፤ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደጣልኩ።

«እማ፣ እባክሽ አታካብጂው። ልጆቹ ሙድ ይይዙብኛል።»

«ይያዙ።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በሩ ላይ ነበሩ። ሸምግለዋል፤ ትከሻቸው ግን አሁንም በር ይሞላል። ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ ይባላል። የሴት ልጅ ጉልበት በእጅ መንካት ነውር ነው ብለው ስንዝራቸውን በቀርከሃ ቆርጠዋል፤ ቀርከሃዋን በብብታቸው ይዘዋታል።

«የሔራን እናት ነሽ?» አሉኝ። ረዘም አድርገው አዩኝ።

«ነኝ» አልኩና ፊቴን ወደ ቢሮው አዞርኩ። አላወቁኝም። ለምን ያውቁኛል? በዚያ በር ስንት ሺህ ጉልበት አልፏል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንድወሰን ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ ቢሮው ስለሆነ ግን አንቱ አልኩት።

«ማስታወቂያው አንድ ስንዝር ይላል» አልኩ። «በማን ስንዝር?»

«ይቅርታ?»

«በማን እጅ? ስንዝር ሰው አለው አይደል?»

«እ... በሰው ነዋ።»

«በየትኛው ሰው? እጅዎን እስኪ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉልኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ «እጅህን ዘርጋ» ሲል የኖረ መምህር፣ እጁን ዘረጋ። በሜትር ለካሁት፤ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር። የራሴን አጠገቡ ዘርግቼ ለካሁ፤ አስራ ዘጠኝ። ሔራን ግድግዳው ላይ ያለውን የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሰንጠረዥ ለማንበብ የምትሞክር መስላ ልትቀልጥ ደርሳለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስን ይጥሩልኝ አልኩ። መጡ፤ ቀርከሃዋን አስቀመጡ። ሃያ አምስት ተኩል።

«ይኸው!» አልኩ። «ልጄ ያጠረባት ጉርድ አይደለም። እኚህ ሰውዬ ናቸው የረዘሙባት።»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ወንድወሰንን አይተው ተዉት።

«የሔራን እናት፣ እውነትዎን ነው» አለ ወንድወሰን፤ እጁን ከጠረጴዛው ላይ እየሰበሰበ። «ግን ዛሬ በዚህች ቀርከሃ ተለክተው የገቡ ስንት ልጆች አሉ። አሁን ባሳጥራት ነገ ያስረዘመው ወላጅ ሁሉ እዚህ ይሰለፍብኛል። ሐሙስ ጠዋት የፈተናው ፎቶ አንሺ ይመጣል። እስከዚያ ያስተካክሉላት።»

አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ባይስተካከልስ? ስሟ ይወጣል ወይ? አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። የሰውን ስንዝር በሜትር ስለካ ያላፈርኩ ሴት ይህን መጠየቅ አቃተኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከኋላችን ተጣሩ። «ነገም ትምጣ! ባይደርስም ትምጣ። ቤት እንዳትውል። እዚህ እኔ ጎጆ ቁጭ ብላ ታነባለች።»

«ቤትም ማንበብ ትችላለች» አልኳቸው።

«አይ፣ እዚህ ትምጣ።»

ሙጭጭ ያሉ ሰው።

ማታ ጉርዱን ዘቅዝቄ አየሁት። የታጠፈውን ጠርዝ ፈትቼ ብለቀው የሚሰጠኝ ሦስት ሳንቲሜትር ነው፤ የሚጎድለኝ ስድስት ተኩል። ጨርቅ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ሔራንን ወደ ሽማግሌው ጎጆ ሰድጄ ሂርማታ ገበያ ገባሁ። ቴትሮን በየቀለሙ አለ፤ የተቆላ ቡና የሚመስለው አልቋል። ከሱቅ ወደ ሱቅ ስሄድ ከፊቴ የምትሄድ ሴት ደጋግማ ታጋጥመኛለች፤ እሷም ቡናማ ቁራጭ በእጇ ይዛለች። አምስተኛው ሱቅ ላይ ተያየን። እሷም የአንዲት ጉልበት እናት ናት። ሰላም ሳንባባል እኔ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፣ እሷ ወደ ግራ። አንድ ቁራጭ ብቻ ቢገኝ በመቀስ እንደምንዋጋ ሁለታችንም አውቀናል።

መጨረሻ ላይ አንድ ክር ሻጭ «ሰርቦ ሂጂ፣ ሸኩር ጋ» አለኝ።

ረቡዕ ከመናኸሪያው የወጣሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። አልታመምኩም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ሌላ ሕመም የለኝም። መንገድ ላይ ወያላው ሰው ለመጫን አራት ጊዜ አስቆመ። በአራተኛው «አንተ፣ ሰርቦን ወደኛ ልታመጣት ነው ወይስ እኛን ልትወስደን?» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ መኪናው ግን አልፈጠነም።

የሸኩር ሱቅ ተዘግቷል። ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄዷል አሉኝ። በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፤ ሰማዩን አየሁ፣ ጠቁሯል። ቢዘንብ መኪና ይጠፋል፤ መኪና ቢጠፋ ማታ እደርሳለሁ፤ ማታ ብደርስ በሻማ መስፋት ነው፤ በሻማ ከሰፋሁ ክሩ ይዞራል፤ ክሩ ከዞረ ቀርከሃዋ ታየዋለች። እንዲህ እያልኩ በሐሳቤ ሔራንን ከፈተናው አስወጥቼ፣ ጉልት አስቀምጬ፣ ሾፌር አጋብቼያት ነበር ሸኩር ሲመጣ።

«አሰላሙ አለይኩም። አንቺም ለስንዝሩ ነው የመጣሽው?» አለኝ ቁልፉን እያዞረ።

«በምን አወቅህ?»

«ከትናንት ጀምሮ ሰባተኛዋ ነሽ። ወላሂ፣ ጅማ በአንድ ሳምንት ጉልበቷ ረዝሟል።»

ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ቁራጭ አወጣ። ወደ ብርሃን ወሰድኳት። ቀለሟ ፈዘዝ ይላል።

«ይለያል» አልኩት።

«አንድ ነው! ከአንድ ጥቅል ነው የተቆረጠ።»

«ሸኩር፣ የእኔ የተቆላ ነው። ይኼ ገና እሳት እየሞቀ ነው።»

ቁራጩን ከእኔ ጉርድ ጎን አድርጎ አየና እጁን ዘረጋ። «ማል ጎና?» አለ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «ያለኝ ይኼ ነው እህቴ። ደግሞ ማን ልብ ይላል?»

«እኔ።»

ወሰድኳት። ምን ምርጫ አለኝ?

ስመለስ ዝናቡ ያዘን። መስኮቱ ሥር ቁራጯን ሸሚዜ ውስጥ ደብቄ፣ ፊቴ ላይ ውሃ እየተረጨ፣ ድንገት መጣልኝ። ጉርድ ሲያጥር ሰው ሁሉ ከታች ይቀጥላል። ከታች የተቀጠለ ነገር መንገድ ላይ ላየው ሁሉ «አጥሬ ነበር» እያለ ይለፈልፋል። ለምን ከታች? ወገቡን እፈታለሁ፤ ቁራጩን ከላይ፣ ከወገቡና ከጉርዱ መሃል አስገባለሁ። የተቆላው ከታች፣ ያልተቆላው ከላይ፤ ከላይ ያለውን ሹራቧ ይሸፍነዋል። ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ አልነበረችም እንጂ አሁንስ አሞሻል ትለኝ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። እትዬ ብርሃንነሽ ከሱቃቸው ጃንጥላ ዘርግተው ወጡ።

«አንድ ቀን የተመለሰ እንኳ ምንም አይደል። ሦስት ቀን የተመለሰች ግን...»

«እትዬ ብርሃንነሽ» አልኳቸው፣ ውሃዬ እየተንጠባጠበ፣ «የእርስዎ ወሬ ዕድሜው ከልጄ ይበልጣል። ለምን ትምህርት ቤት አያስገቡትም?»

ጃንጥላቸውን አጠፉ። ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ተረተርኩ፣ ለካሁ፣ በደረቅ ሳሙና ምልክት አደረግሁ። መብራት የለም፤ ለእግር መኪና ግን መብራት ምኑ ነው። ቀን ሳይመሽ ሔራንን በርጩማው ላይ አቁሜ ለካኋት።

«እማ፣ ግን አንቺ ለምንድነው እንዲህ የምትሆኚው? የአሚራ እናት እኮ ስቃ ነው ያለፈችው።»

«የአሚራ ጉርድ መሬት ይጠርጋል። ለእሷ ስንዝር ምን ያደርግላታል? ዙሪ።»

ዞረች። «ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ዛሬ ዳቦ ሰጡኝ። እናትሽ ስፌት የት ተማረች አሉኝ።»

መርፌዋን ከከንፈሬ አወጣሁ። «ምን አልሽ?»

«ራሷን ነው ያስተማረችው አልኳቸው። ትምህርቱን እንኳ ለስፌት ብላ ነው የተወችው አልኳቸው።»

«እና?»

«ውጪ ወጥተው ቆሙ። ዝናብ ላይ እኮ ነው እማ።»

ሽማግሌ ብዙ ነገር ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ነበርን። ከፊታችን ሦስት ልጆች አሉ። ልቤ እንደ ፔዳል ነው። ሔራን ተራዋ ሲደርስ ሹራቧን ወደ ታች ሳበች፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጎንበስ ብለው ቀርከሃዋን ከጉልበቷ ሥር አቆሙ። ጫፏና የጉርዱ ጫፍ እኩል ሆኑ። አንድ ክር አልበለጠም፣ አንድ ክር አላነሰም።

«እለፊ» አሉ። ቀርከሃዋን ወደ ብብታቸው መለሱ።

እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሮ አንድ ወንበር አስቀምጧል። ልጆቹ በተራ ይቀመጣሉ፤ ያነሳል፤ ይነሳሉ። ስክሪኑን በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁት። ከደረት በላይ ነው። የሚታየው አንገትና ፊት ብቻ ነው። ከሔራን ቀድማ የተቀመጠችው ልጅ ያለፈውን ዓመት ሰማያዊ ጉርድ ነው የለበሰችው፤ ለፎቶው በሩን አሳልፈዋታል፤ ማንም ምንም አላላትም።

ወንድወሰን የስም ዝርዝር ይዞ ሲያልፍ አስቆምኩት። በመጨረሻ ጠየቅሁ። «ያልተስተካከለላቸው... ስማቸው ይወጣል?»

«ከምን?»

«ከፈተናው።»

«የፈተናው ስም ዝርዝር እኮ የተላከው በኅዳር ነው፣ ወይዘሮ አብነት። ጉርድ ስም አያስወጣም።» ግር ብሎት አየኝ። «ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«አገር» አልኩት።

ሔራን ከወንበሩ ተነስታ በሩቁ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ጉርዷ ሲወዛወዝ መጋጠሚያው አይታይም። እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት። መኩራት ነበረብኝ፤ እግሬ ብቻ ዝም አለ፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስወጣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ብቻ።

«አብነት» አሉኝ።

የሔራን እናት አላሉኝም። ቆምኩ። «ስሜን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል። ፕሊት የሌለው ጉርድ ለብሰሽ የመጣሽ ዕለት ዝናብ ነበር። ስፌቱን አይቼ በእጅ መሰፋቱ ገርሞኝ ነበር። ግን ታዝዣለሁ፤ መለስኩሽ።»

«ሥራዎ ነው» አልኩ። 

«በማግስቱ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። በሳምንቱም ጠበቅሁ። ቤትሽን አላውቅም። የምጠይቀው ሰው ሁሉ ባል አግብታ ሄዳለች ይለኛል።» ቀርከሃዋን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የመፈተኛ ካርድሽ መጥቶ ነበር፣ ልጄ። ዳይሬክተሩ ስትመጣ ስጣት ብለው እኔ ዘንድ ተዉት። የፈተናው ቀን በሩን ግማሽ ሰዓት አዘግይቼ ነው የዘጋሁት።»

የውስጠኛው ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ክፍል ሲገቡ ሔራንን በዓይኔ ፈለግኋት።

«ወንበርሽ መስኮቱ ሥር ነበር» አሉ። «ሁለቱንም የፈተና ቀን ባዶውን ዋለ።»